«ጠፋህ!» የሚለኝ ሰው ሳጣ

መጀመሪያ ልናገር፣ ሳይኮሎጂስት ምናምን አይደለሁም። ሂሳብ ሰራተኛ ነኝ፣ የነጋዴ ደረሰኝ ተቀብዬ ፒችትሪ በሚባል የሂሳብ ፕሮግራም ላይ የማስገባ፣ በየወሩ ቫት የማሳውቅ ሰው። ይሄን የምጽፈው ኮንዶሚኒየምም ይሁን ስደት ላይ በሩን ዘግቶ ብቻውን ለሚኖር፣ በተለይ ደግሞ «እኔ እኮ ማንንም አላስቸግርም» እያለ በዚህ ነገሩ ለሚኮራ ሰው ነው። እኔም እንደዛ እያልኩ ነው ልሞት የነበረው፣ እያጋነንኩ አይደለም።

2016 ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። ጥቅምት 30 የደረጃ ሀ ግብር ማሳወቂያ የመጨረሻ ቀን ስለሆነ ለእኛ ጥቅምት ማለት ጦርነት ነው፣ እንቅልፍ የለም ምግብ የለም፣ እና ልክ እሱ እንዳለቀ ትኩሳት ያዘኝ። ድካም ነው ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ብሶ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር፣ ሶስተኛው ቀን ላይ ሽንት ቤት የምሄደው ግድግዳ ይዤ ነው፣ አራተኛው ቀን ላይ ጀሪካን አንስቼ ውሃ መቅዳት አቃተኝ። የሚገርመው ስልኬ በደንብ ይሰራል። ደንበኞቼ በቴሌግራም «ወንድም ያቺ ነገር እንዴት ሆነች?» ይሉኛል፣ እኔም ተኝቼ «ነገ እልካለሁ» እላለሁ። ስሜ ስር ኦንላይን ይላል፣ ኦንላይን የሆነ ሰው ደግሞ ታሟል ብሎ የሚያስብ የለም። አራት ቀን ሙሉ አንድም ሰው «አለህ ወይ?» አላለኝም። ሰው እንደዛ እንዲለኝ የሚያደርግ ነገርም አድርጌ አላውቅም ነበር፣ ይሄ ግን የገባኝ በኋላ ነው።

በአራተኛው ቀን ማታ በር ተንኳኳ። እንደልማዴ ዝም አልኩ፣ ይሄዳሉ ብዬ። አልሄዱም። እየተንፏቀቅኩ ሄጄ ስከፍተው የብሎካችን ጥበቃ ናቸው፣ ባትሪ ይዘው። «የበረንዳህ መብራት አራት ቀን ሙሉ ቀንም ሌትም ይበራል፣ አንተ ደግሞ መብራት የምታባክን ልጅ አይደለህም» አሉኝ። ከዛ ባትሪውን ፊቴ ላይ አበሩና ምንም ሳይሉ ዞረው ወደ ደረጃው ተጣሩ። የሁለተኛ ፎቅ ሰውዬ በሸራ ጫማ በነጠላ ወጣ፣ ግራና ቀኝ ደግፈው አወረዱኝና በባጃጅ ወሰዱኝ።

አሁንም ሳስበው የሚያሳፍረኝ ግን ሕመሙ አይደለም፣ ካርድ ክፍሉ ነው። ልጅቷ ስሜን፣ እድሜዬን፣ አድራሻዬን ጻፈችና «የቅርብ ተጠሪ ስምና ስልክ» አለችኝ። ዝም አልኩ። ስልኬ ውስጥ ስምንት መቶ ምናምን ቁጥር አለ፣ እገሌ ትሬዲንግ፣ ወረቀት አቅራቢው፣ ማተሚያ ቤት፣ የካሽ ሬጅስተር ጠጋኝ። ማታ 4 ሰአት ላይ ቢደወልለት ልብሱን ለብሶ የሚመጣ ሰው ግን ከዛ ሁሉ ውስጥ አጣሁ። ጥበቃው «የኔን ጻፊ» አሉና ቁጥራቸውን ነገሯት። «ስም?» አለች፣ ግን የጠየቀችው እኔን ነው፣ እያየችኝ ነው። አላውቀውም። ስምንት ዓመት «አባባ» ስላቸው ስማቸውን መጠየቅ አስፈልጎኝ አያውቅም። እሳቸውም ገባቸው መሰለኝ ቶሎ ብለው ራሳቸው ተናገሩ፣ እንዳላፍር።

ታይፎይድ ነው አሉኝ፣ ሰውነቴም ውሃ አልቆበታል፣ ሁለት ቀን ግሉኮስ ተሰክቶልኝ ተኛሁ። ሐኪሙ «አንድ ሁለት ቀን ብትቆይ ኖሮ» አለና ሳይጨርሰው ሄደ።

ሲሻለኝ አባባን ጠየቅኳቸው፣ መብራቱን እንዴት ልብ አሉት ብዬ፣ መቼም ከዚያ ሁሉ በረንዳ ውስጥ የኔን ነጥለው። «እናትህ ጠዋት ጠዋት ቡና ሳታቀምሰኝ ውላ አታውቅም» አሉኝ፣ «ደግሞ አደራ ብላኛለች፣ ይሄ ልጅ ሰው አይጠጋም፣ እንዳትረሱብኝ ብላኛለች»። እማዬ ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው ያኔ። በስራዬ ቋንቋ ስናገረው የኔ አካውንት ባዶ ነበር፣ እኔን ያተረፈኝ እሷ ትታልኝ የሄደችው ቀሪ ሂሳብ ነው።

እስኪ ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ። ያደግኩት ቀበና ነው፣ ቀበሌ ቤት፣ አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ። ጭቃ ቤት ስለሆነ ግድግዳው ድምፅ አይዝም፣ ማታ ካሳልኩ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ ጎረቤታችን «ሌሊቱን ስታስል አደርክ እኮ የኔ ልጅ» ብላ ዝንጅብል በማር ይዛ ትመጣለች። አሁን ስጽፈው ያምራል አይደል? ያኔ ግን አንገሽግሾኝ ነበር፣ እውነቱን እንነጋገር። የመብራት ሂሳብ በመጣ ቁጥር ጸብ ነው፣ ማን ምጣድ ጣደ፣ ማን ካውያ ሰካ። የ12ኛ ክፍል ውጤቴን ከኔ በፊት ግቢው ነው የሰማው። ከሴት ልጅ ጋር መንገድ ላይ ቆሜ ከታየሁ ማታ እራት ላይ እማዬ የልጅቷን እናት ስም ሳይቀር ታውቃለች። መቼ ነው ከዚህ ወጥቼ የራሴን በር የምዘጋው እያልኩ ነው ያደግኩት።

እማዬ በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግባ 10 ዓመት ጠብቃ በ2007 ዕጣው ወጣላት፣ የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ። በ2008 ገባን። የራሳችን ቧንቧ (ውሃ ስትኖር)፣ የራሳችን ቆጣሪ፣ የብረት በር። እኔ ገነት የገባሁ ነው የመሰለኝ። እማዬ ደግሞ የመጀመሪያው ሳምንት «ይሄ ቤት ነው ወይስ ቁም ሳጥን» እያለች አለቀሰች፣ በሁለተኛው ሳምንት ተነስታ ኮሪደሩ ላይ ከሰል አቀጣጥላ ቡና አፈላች። የቡናው ጭስ ነው የጠራቸው፣ አንዷ በሯን ከፍታ አየች፣ ሌላዋ ስኒ ይዛ ወጣች፣ በወር ውስጥ ከምድር እስከ አራተኛ ማን እንደወለደ ማን ከባሏ እንደተጣላ ታውቅ ነበር። እኔ ከስራ ስመጣ በመሃላቸው እየተሻገርኩ አልፋለሁ፣ «ና ቡና ጠጣ» ይሉኛል፣ «ስራ አለብኝ፣ አትቸገሩ» እላለሁ። አትቸገሩ። ይሄ ቃል ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

የቀበናውን እድርም አልለቀቀችም። በየወሩ እሁድ ጠዋት ከአባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ቀበና፣ ወገቧን እያመማት ትሄዳለች፣ ለ100 ብር መዋጮ። ቴሌብር ከመጣ በኋላ «እማዬ እኔ በስልክ እልክልሻለሁ፣ ለምን ትንከራተቻለሽ» ስላት ያለችኝን አልረሳውም። «ገንዘቡን ብቻ መሰለህ እንዴ የሚፈልጉት? ሄጄ ይዩኝ እንጂ።» ያኔ የድሮ ሰው ብዬ ሳቅኩባት።

ጥር 2014 ላይ አረፈች፣ በድንገት ነው፣ ደም ግፊት። የቀበና እድር በሁለት ቅጥቅጥ ሞልቶ መጣ፣ ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ድስት፣ ሳህን ሳይቀር ጭኖ፣ ድንኳኑን ብሎኮቹ መሃል መኪና ማቆሚያው ላይ ተከሉት። የቀበና ሴቶችና የብሎካችን ሴቶች ተደባልቀው ሽንኩርት ይከትፋሉ። አንዲት ሴትዮ እኔን አቅፋ እናቷ እንደሞተችባት አለቀሰች፣ ስሟን አላውቅም፣ የት ፎቅ እንደምትኖር አላውቅም፣ ሰዉ ለኔ ነው የመጣው ግን ለኔ አልመጣም፣ ለሷ ነው የመጣው። በዛ ድንኳን ውስጥ ከሁሉም በላይ እንግዳ የነበርኩት እኔ ነኝ።

እስከ አርባዋ ድረስ የቤቴ በር አላረፈም። ምግብ ይመጣል፣ ሰው ይመጣል። ከአርባው በኋላም መጥተዋል፣ አልዋሽም፣ የሶስተኛ ፎቋ እትዬ በሳምንት አንዴ ወጥ ይዛ ታንኳኳ ነበር። እኔ «ደህና ነኝ፣ አትቸገሩ» እላለሁ፣ ከዛ ሲያንኳኩ የሌለሁ መምሰል ጀመርኩ፣ ጫማዬን ከበር ወደ ውስጥ አስገባሁት እንዳያዩት። ሰው ስንት ጊዜ ያንኳኳል? ቆሙ። እኔም ልቤ ውስጥ «አያችሁ፣ ለወሬ ነው እንጂ የሚያስብልኝ የለም» አልኩ። በሩን እኔ ዘግቼው እነሱን ተቀየምኩ።

ስራዬ ደግሞ አገዘኝ። በ2012 ኮሮና ሲመጣና ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ቢሮዬን ለቅቄ ቤት ሆኜ ለአምስት ስድስት ድርጅት መስራት ጀምሬ ነበር፣ ደረሰኙን በሞተር ይልኩልኛል፣ ሪፖርቱን በቴሌግራም እመልሳለሁ። ሰው ማየት የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። አንድ ሰኞ ጠዋት ደንበኛ ደወለና «ሄሎ» ልል ስል ድምፄ አልወጣም። ጉንፋን መስሎኝ ውሃ ጠጣሁ። ከዛ ነው የቆጠርኩት፣ ከአርብ ከሰአት ጀምሮ ቃል አውጥቼ አላውቅም፣ ሱቅ ሄጄ እንኳን ሁለት ጣት አሳይቼ ነው ሁለት ዳቦ የገዛሁት።

ብቸኝነት ማልቀስ ምናምን ይመስለኝ ነበር። የኔ ግን እንደዛ አይደለም፣ ቁጣ ነው። የላይኛው ፎቅ ልጅ ኳስ ሲመታ ሆን ብሎ ነው እላለሁ፣ ደንበኛ መልስ ሲያዘገይ ሊያባርረኝ ነው እላለሁ፣ ሁለት ሰው ደረጃ ላይ ሲስቅ በኔ ነው እላለሁ። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበረ ጆን ካቾፖ የሚባል ተመራማሪ ብቸኝነትን ለብዙ ዓመት አጥንቶ ያለው ይሄንኑ ነው፣ ብቸኛ ሰው አእምሮው እንደ ዘብ ይሆናል፣ ሁሌ ጥቃት ይጠብቃል፣ ስለዚህ ሰው ሲቀርበው ይሸሻል ወይ ይነክሳል፣ ከዛ ይበልጥ ብቻውን ይቀራል። ይሄን ሳነብ ስለኔ የተጻፈ ነው የመሰለኝ።

ማንበብ የጀመርኩት ከሕመሙ በኋላ ነው፣ የቁጥር ሰው ስለሆንኩ ቁጥር ካላየሁ አላምንም። በ2010 በፈረንጆች (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ጁሊያን ሆልት ላንስታድ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጋ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ስታይ ጠንካራ ማህበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቱ ጊዜ በሕይወት የመቆየት እድላቸው 50 በመቶ የበለጠ ሆኖ ነው ያገኘችው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰው አንዱ ብቸኝነት ያጠቃዋል ይላል። እንግሊዝ በ2018 የብቸኝነት ሚኒስትር ሾማለች፣ ጃፓንም በ2021። ለአንድ ጓደኛዬ ይሄን ስነግረው «እኛ ጋ ሚኒስትሩ ጡሩምባ ነፊው ነው» ብሎ አሳቀኝ፣ ግን እኔ ጡሩምባው የማይደርስበት አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ።

ከሁሉም ልቤን የነካው የዚምባብዌው ነው። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም በ2006 ሐራሬ ውስጥ ምባሬ በሚባል ሰፈር 14 አሮጊቶችን አሰልጥኖ ክሊኒክ ደጅ ላይ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠላቸው። የጨነቀው ሰው ይመጣል፣ አጠገባቸው ይቀመጣል፣ ያወራል፣ እነሱም ችግሩን አንድ በአንድ እየለዩ መውጫ እንዲፈልግለት ያግዙታል። በ2016 የታተመው ጥናት ላይ ከ6 ወር በኋላ የእነሱ ሰዎች በተለመደው መንገድ ከታዩት በጣም የተሻለ ሁኔታ ላይ ነበሩ። የጭንቀት ስሙ በእነሱ ቋንቋ «ብዙ ማሰብ» ነው አሉ። እኛስ «ሀሳብ በዛብኝ» አይደል የምንለው። እማዬ የኮሪደሯ ከሰል ላይ ትሰራ የነበረው ምን እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

እሺ፣ ምን አደረግክ ለምትሉኝ። «ሰው ተቀላቀል» የሚሉት ምክር ለኔ አልሰራም፣ ምክንያቱም ወንደላጤ ነኝ፣ ተነስቼ የሰው በር አንኳኩቼ «ልቀላቀል መጣሁ» ልል አልችልም። የሰራልኝ ተቃራኒው ነው፣ ማስቸገር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ፒንሳ ነበር። የሁለተኛ ፎቁን ሰውዬ፣ ያን በነጠላ የወጣውን፣ ፒንሳ አለህ ወይ አልኩት። እኔ ጋ ፒንሳ አለኝ እኮ፣ ሁለት አለኝ። ሰጠኝ፣ በማግስቱ ስመልስለት ቁጭ በል አለኝ፣ ሻይ ጠጣን፣ ስንጨዋወት ሂሳብ ሰራተኛ መሆኔን ሲሰማ «ልጄ አካውንቲንግ እየተማረች ዴቢትና ክሬዲቱ አልገባ ብሏታል» አለኝ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ። እኔ ሰውን ሁሉ «አትቸገሩ» ስል ሰዎቹም እኔን ማስቸገር አፍረው ነበር፣ ምንም የማይፈልግ ሰው እንዴት ተደፍሮ ይጠየቃል? ተሰብሳቢም ተከፋይም፣ ማለትም ከሰው የሚቀበለውም ለሰው የሚከፍለውም ዕዳ የሌለው ድርጅት ታውቃላችሁ፣ የተዘጋ ድርጅት ነው።

እትዬ ጋ ደግሞ ራሴን አስገድጄ ሄድኩ፣ ሳህኗ እኔ ጋ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ነበር። እማዬ የሰው ሳህን ባዶውን አትመልስም ነበር፣ እኔ ምን ልጨምርበት፣ ብርቱካን ገዝቼ ሞልቼ ወሰድኩ። በሩን ከፍታ ሳህኑን አይታ እኔን አይታ «ጠፋህ!» አለችኝ።

ይቺን ቃል ድሮ እንዴት እጠላት እንደነበር። ሰው ባገኘሁ ቁጥር «ጠፋህ እኮ» ሲለኝ ወቀሳ ነው የሚመስለኝ፣ የት ልጠፋ፣ ስራ ላይ ነኝ እላለሁ በሆዴ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይለኝ ቆይቶ ስሰማት ግን ጉሮሮዬን አነቀኝ። የጠፋ እቃ የሚባለው የሚፈልገው ሰው ያለው እቃ ነው እኮ፣ ባለቤት የሌለው ዝም ብሎ የተጣለ ነው። «አለሁ እትዬ» ብዬ ደረጃው ላይ ሮጥኩ፣ እንዳታየኝ።

ከዛ እድር ገባሁ፣ የብሎኮቹ ተሰባስበው ያቋቋሙት አዲስ እድር ነው። መመዝገቢያ ከፍዬ ሳልጨርስ ሂሳብ ሰራተኛ ነው ሲባል ሂሳብ ተቆጣጣሪ አደረጉኝ፣ መዝገቡን ሳየው ራስ ምታት ነው፣ በእርሳስ የተጻፈ፣ የተሰረዘ፣ የተደለዘ። ግን ስራ ሲሰጣችሁ መቅረታችሁ ይታወቃል፣ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ አባል ይሄ ይለያል። አንድ እሁድ ቀረሁ፣ ተኝቼ ነው፣ እስከ 5 ሰአት አራት ሰው ደወለልኝና በሚቀጥለው ወር 50 ብር ተቀጣሁ። ሂሳብ ሰራተኛ ቅጣት አይወድም፣ የዛን ቀን ግን ደረሰኙን ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ እስካሁንም አለ።

ቀበናም ሄድኩ። የእማዬን ደብተር ይዤ። እሷ ከሞተች በኋላ መክፈል አቁሜ ስለነበር ስማችን ሊሰረዝ ትንሽ ነው የቀረው፣ ሊቀመንበሩ ጉባኤ መሃል አስቁመው «እናትህ ወገቧን ይዛ ስትመጣ አንተ ጎረምሳው ምን ሆንክ?» ብለው ገሰጹኝ። ውዝፉን ከነቅጣቱ ከፈልኩ። ስወጣ አንድ አምስት ሴቶች ከበቡኝና «ከስተሃል»፣ «ጠቁረሃል»፣ «አላገባህም?»፣ ያው ታውቁታላችሁ። ድሮ ቢሆን ሮጬ ነበር የማመልጠው። አሁንም ደስ አላለኝም፣ ግን ከስተሃል የሚል ሰው የድሮ ውፍረቴን የሚያውቅ ሰው ነው፣ ካርድ ክፍሏ ልጅ ከስተሃል ልትለኝ አትችልም።

ይሄን ሳወራ የሰፈር ሕይወት ሁሉ ማር ነው እያልኩ አይደለም። ሰው ያየ ሁሉ በደግ አያይም። ባሏን ፈታ ሰፈሩ አላስቀምጥ ያላት ሴት አውቃለሁ፣ ለሷ አባዶ መምጣት ነጻነት ነው፣ አልፈርድባትም። ለእንደዚህ አይነት ሰው ሰፈሩን ሙሉ መመለስ አያስፈልግም፣ ሁለት ሶስት ሰው ይበቃል፣ ግን የእውነት የሚያዩ።

የአክስቴ ልጅ ቤሩት ስድስት ዓመት ሰርታ ነው የተመለሰችው። ስለ ስራው ብዛት ብዙ አታወራም፣ ስለ ስሟ ነው የምታወራው። ማዳሟ ስምሽ ይከብደኛል ብላ ገና የመጀመሪያ ቀን ሌላ ስም አወጣችላት፣ ቤቱ ሁሉ በዛ ስም ይጠራታል። በኋላ እሁድ እሁድ መውጣት ሲፈቀድላት ስድስት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ሽሮ ሰርተው ይውላሉ፣ «እዛ ስገባ በስሜ ሲጠሩኝ ሳምንቱን ሙሉ የት እንደነበርኩ አላውቅም ነበር» ትላለች። ከእነዛ ሴቶች ጋር እስካሁን እቁብ አላቸው። እኔ አዲስ አበባ መሃል በገዛ ቋንቋዬ፣ በራሴ ቤት ያጣሁትን እሷ እዛ አግኝታው ነበር፣ ይገርመኛል።

አንድ ነገር ሳልል እንዳላልፍ፣ ብቸኝነትና ዲፕሬሽን አንድ አይደሉም፣ ግን ይጎራበታሉ። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ እምቢ ካሏችሁ፣ ምንም ነገር ደስ ካላላችሁ፣ ወይም ባልኖርስ የሚል ሀሳብ ከመጣባችሁ ፒንሳ መበደር አይበቃም፣ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናገሩ። አማኑኤል ሄደ ይሉኛል ብላችሁ ከሆነ የምትፈሩት ጳውሎስ ሆስፒታልም የአእምሮ ህክምና አለ። ጸበሉም ይሁን፣ ጸሎቱም ይሁን፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። እኔም ሄጄ ነበር፣ አራት ጊዜ። ሐኪሟ ከመድኃኒት በፊት የጠየቀችኝ «ቁልፍህ ሌላ ማን ጋ አለ?» ብላ ነው። ማንም ጋ አልነበረም። አሁን አንዱ እትዬ ጋ ነው፣ ከሁሉም ነገር በፊት እሱን አድርጉ ብዬ የምመክረው ለዚህ ነው፣ ምክንያቱም ቁልፍ ስትሰጡ ወሬም አብሮ ይሰጣል፣ «ክፍለ ሀገር ልሄድ ነው»፣ «ተመለስኩ»፣ ሳታስቡት መምጣት መሄዳችሁን የሚያውቅ ሰው ይኖራል። ሌላው፣ ዳቦ ሁሌ ከአንድ ሱቅ በአንድ ሰአት ግዙ፣ ስም ጠይቁ፣ ምግብ ሲመጣላችሁ «አትቸገሩ» ከማለት ተቀበሉና ሳህኑን ሞልታችሁ መልሱ። ውጭ ሀገር ያላችሁም እንደዛው፣ ሜሪላንድ ያለ አብሮ አደጌ ሌሊት ኡበር ይነዳል፣ ቀን ይተኛል፣ እዛም እድር አለ ሲለኝ ገባህበት ወይ ስለው «ለሞት ነው እኮ፣ ገና ነኝ» አለኝ። ለሞት መስሎታል።

እኔ ሙሉ በሙሉ ተቀይሬያለሁ ማለት አይደለም። አሁንም ብቻዬን መሆን እወዳለሁ፣ አሁንም ኮሪደሩ ላይ ቡና ሲፈላ አንዳንዴ በጓዳ በር ብወጣ ደስ ይለኛል (ኮንዶሚኒየም ጓዳ በር የለውም እንጂ)። በሳምንት አንዴ ግን እቀመጣለሁ፣ በረካው እስኪደርስ አልቆይም፣ አቦልና ቶናን ጠጥቼ እነሳለሁ። አባባም አብረው ይጠጣሉ፣ ስማቸውን አሁን አውቃለሁ፣ የትውልድ ሀገራቸውንም፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የትኛው እንደሆነም።

ባለፈው ሳምንት ሪፖርት ስሰራ አምሽቼ የበረንዳውን መብራት ረስቼው ተኛሁ። ጠዋት 1 ሰአት ሳይሞላ በሩ ተደበደበ። እንቅልፌን ሳልጨርስ ተበሳጭቼ ከፈትኩ።

«መብራቱ» አሉ አባባ፣ እያለከለኩ፣ አራት ፎቅ በዛ ጉልበት ወጥተው። «አለህ?»

«አለሁ አባባ፣ ረስቼው ነው።»

«ታዲያ አጥፋው እንጂ! ታሪፉ ጨምሮ የለ እንዴ» ብለው እያጉረመረሙ ወረዱ።